ፓስወርድ ያልጠየቀው ኮምፒውተር

«አሁን እዩ፤ ፓስወርድ ይጠይቀኛል» ይላል የሆስፒታሉ አይቲ ባለሙያ አዳራሹን ለሞሉት ሠራተኞች፣ ማውሱን ሁለቴ ጠቅ ጠቅ እያደረገ። «ሌላ ክፍል ያለ ኮምፒውተር ውስጥ በሪሞት፣ ከሩቅ ሆናችሁ ስትገቡ ይቺ ሳጥን ትመጣለች። ታዲያ ‹አስታውስልኝ› የምትለዋን አደራችሁን እንዳትነኳት። ኮምፒውተር ለናንተ ያስታወሰውን ላገኘው ሁሉ ነው የሚያወራው።»

ሳጥኗ አትመጣም።

የአይቲው ላፕቶፕ ላይ ያለው ሁሉ በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ ይታያል። የሆስፒታሉ ካርድ ክፍል ኮምፒውተር አንዲት ነገር ሳይጠይቅ ብርግድ ብሎ ይከፈታል። የፊት ጥርሶቿ የወለቁ ሕፃን እየሳቀች ግድግዳውን ትሞላዋለች። እትዬ ፋይል ስክሪናቸው ላይ ያደረጓት የልጅ ልጃቸው ናት።

እትዬ ፋይል ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሕሙማን ካርድ ሲያወጡና ሲያገቡ ኖረው፣ የወጣላቸው ስም ተረስቶ ፋይል ተብለው የቀሩ ሴት ናቸው። ከሁለት ወር ወዲህ ግን ንብረት ክፍል ወርደው መጥረጊያና ጓንት ያድላሉ።

ያወረዳቸው እሱ ነው። አንድ ያልታወቀ ሰው በእሳቸው ስም ገብቶ የሕሙማንን ምስጢር የዘረፈ ጊዜ፣ አይቲው ከኪቦርዳቸው ሥር ፓስወርድ የተጻፈባት ብጣሽ ወረቀት አገኘና በዚሁ አዳራሽ ከፍ አድርጎ አሳያት። «የማን ናት?» አለ። «የኔ ናት» አሉ እትዬ በለሆሳስ። አላዘነላቸውም። «ጮክ ይበሉ እንጂ እትዬ፤ ከኋላ ያሉት አልሰሙም!» አለ። ሰው ሳቀ። እሳቸው አንገታቸውን ደፉ።

አሁን ያቺ ሳቅ ተመልሳ ጆሮው ላይ ትጮኻለች። ከዝርፊያው በፊት እትዬ ታመው ቤት የዋሉ ቀን፣ ስልክ ደውሎ ፓስወርዳቸውን መጠየቁ ትዝ ይለዋል። «አደራህን ልጄ» ብለው ነግረውት ነበር። ደጋግሞ መጻፉ ሰለቸውና በራሱ ላፕቶፕ ላይ ‹አስታውስልኝ›ን ነካት። ላፕቶፑ ደግሞ የበሩ ቁልፍ ከተሰበረ ዓመት ባለፈው ክፍሉ ውስጥ ክፍቱን ይውላል፤ ወረቀት ማተም ያማረው ሁሉ ይገባል፣ ይወጣል። ምስጢሩ የተዘረፈው እሁድ ነው፤ እሁድ ካርድ ክፍል ይቆለፋል። ይህንን ያውቅ ነበር። ጥፋተኛ እጁ ከገባ በኋላ ግን ስለ በር ማሰብ አላስፈለገውም። ሌባ የገባበትን ፓስወርድ እንኳ አልቀየረም።

«የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች አሉ!» ይላል ከኋላ ወንበር የአምቡላንሱ ሹፌር። አዳራሹ በሳቅ ይሞላል። አይቲውን ላብ ያጠምቀዋል፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

የሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ ይደርሱለታል። «ለማሳያ ብለህ ቀድመህ አስገብተኸው ነው አይደል? በል ቀጥል፣ ሰዓት የለንም።»

ዓይንን በጨው ታጥቦ አንዴ ራስን በአዎንታ መነቅነቅ ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ከዚያ ወዲያ ነገሩ ያልቃል፤ እትዬም ወደ መጥረጊያቸው ይመለሳሉ። ቀጥሎ የሚያሳየው የዚያችን ብጣሽ ወረቀት ፎቶ ነው። ከሥሩ «እንዲህ አታድርጉ» ብሎ በቀይ የጻፈበት ራሱ ነው። ጣቱ ማውሱ ላይ ይቆማል።

«ልጄ፣ ይቺ የኔ ኮምፒውተር ናት እንዴ?» ይላሉ እትዬ ፋይል። ነገር ሊፈልጉት አይደለም። የልጅ ልጃቸውን ግድግዳ አክላ በማየታቸው ደስ ብሏቸዋል።

ይሄ ጥያቄ ከሹፌሩ ተረት ይብስበታል።

«አዎ እትዬ።» ይላል አይቲው። «ፓስወርድዎን እዚህ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ያን እሁድ የእርስዎ ክፍል ዝግ ነበር፤ የኔ ነው ክፍት የነበረው። ወረቀትዎ ምንም አላደረገችም። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ድምፁ ሁለተኛውን ወንበር አያልፍም። «ምን አለ? ምን አለ?» ይላል ሹፌሩ ጎረቤቱን። ሥራ አስኪያጁ ሰዓታቸውን ማየት ይተዋሉ።

እሱ እትዬን እንዳለው ግን ማንም ‹ጮክ በል› አይለውም። አይቲው ላፕቶፑን ትቶ ይነሳና የኋላ ወንበሮችን ያያል።

«የኔ ነው!» ይላል ጮክ ብሎ። «የኔ ጥፋት ነው! እትዬ በከንቱ ነው የተቀጡት!»

የሚስቅ የለም። እትዬ ፋይል ቀና ብለው ያዩኛል ብሎ ይጠብቃል፤ ቢሰድቡትም ደስ ይለው ነበር። እሳቸው ግን እንደዚያን ቀን አንገታቸውን ደፍተዋል፤ ለእሱ አፍረውለት። ሥራ አስኪያጁም ወለል ወለሉን፣ ሹፌሩም ጫማውን ያያሉ።

ግድግዳው ላይ ያለችው ጥርሰ ወላቃ ብቻ ፊት ለፊት እያየችው ትስቃለች።