የታሸገው ካርቶን

ለትምህርት ቤቶች የማስተማሪያ ዕቃ የሚያውሰው የመምህራን ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ወደ ቱሉ ዲምቱ ትምህርት ቤት መጥተው፣ አዲሱን የዜና መጽሔታቸውን ለመምህራኑ ጮክ ብለው አነበቡ። «‹ተማሪዎቼ ከሰው አካል ሞዴሉ ልቡን በእጃቸው አውጥተው ሲያዩ ክፍሉ በጭብጨባ ቀለጠ።› አያችሁ? ዕቃ የምናውሰው ለዚህ ነው።» ይህን በሪፖርቷ ላይ ጽፋ የላከችው የትምህርት ቤቱ የሳይንስ መምህርት አንገቷን ደፋች። ፈርማ የወሰደችው እሷ ስለሆነች፣ ሞዴሉ ቢሰበር እጠየቃለሁ ብላ ከመስከረም ጀምሮ ቆልፋበት ነበር። ሪፖርቱን ግን በየወሩ ሞልታ ትልካለች።

«ቲቸር፣ እስቲ ለእኛም አሳዪን!» አለ የሂሳብ መምህሩ። ተነሥታ ጥግ ያለውን ቁም ሳጥን ከፈተች። ሽማግሌው ኃላፊ «ከባድ ነው፣ ላግዝሽ» ብለው ተከተሏት። ሞዴሉ ያለበት ካርቶን ላይ የፋብሪካው ፕላስተር እንደተለጠፈ ነው። ፕላስተሩን አዩት፤ ቀጥለው እሷን አዩዋት።

ሰውየው ጀርባቸውን ለመምህራኑ ሰጥተው ካርቶኑን ጋረዱት። ኃይለኛ ሳል እየሳሉ ፕላስተሩን ላጡት፤ የመላጡ ድምፅ በሳላቸው ተዋጠ። ጠቅልለው ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት። «አያያዟ እንዴት ያምራል፣ አዲስ እኮ ነው የሚመስለው!» አሉ ዞር ብለው። መምህራኑ አጨበጨቡላት። በጭብጨባው መሃል ኃላፊው ቀዩን የፕላስቲክ ልብ አውጥተው መዳፏ ላይ አኖሩና፣ ለእሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «ልጄ፣ ለዚህ ዕቃ አምስት ትምህርት ቤት ወረፋ ይዞ ነበር» አሏት።