ማማሰል ክልክል ነው

በስፔን የኡራጓያውያን ማኅበር ሊቀመንበር የአገር ፍቅርን የሚለካው በማቴ ነው። ማቴ በአንድ ቅል እየዞረ በብረት ቀሰም የሚመጠጥ ትኩስ የቅጠል መጠጥ ነው። በቀሰሙ ያማሰለ ሰው አገር የለውም። ባለፈው ወር ምስኪኑን ዊልማርን፣ «ደምህ ይመርመር! ኡራጓያዊ አያማስልም!» ብሎ ከማኅበሩ አባሮታል።

እሑድ ዕለት ከሞንቴቪዴኦ ያስመጣቸውን እናቱን መድረክ ላይ አወጣ።

«ይኸውላችሁ፣ እኔን ያፈራች ማኅፀን! እውነተኛዋን ኡራጓይ እዩ!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እናትየው ቅሉን ተቀበሉና በቀሰሙ ቅጠሉን እንደ ገንፎ አማሰሉት።

«እንዲህ ካላሉት መች ይጥማል ልጄ?»

ጭብጨባው ቀጥ አለ። ዊልማር በበሩ በኩል አንገቱን አሰገገ።

ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ጠረገ።

«የእንጀራ እናቴ ናት» አለ።