የአሥራ ስምንት ደቂቃው ሸክላ

ዱዌይን ሃስክ በዊሎ ፎርድ ከተማ የሮክ ሙዚቃ ሬዲዮ ጣቢያ የጠዋቱን ፕሮግራም መምራት ከጀመረ ዛሬ አርባ ዓመት ሞላው። ደስ ሊለው ሲገባ ደሙ ፈልቷል።

ያበገነችው ሥራ አስኪያጇ ሮንዳ ናት። በዓሉን ከእህል ጎተራው ፊት ለፊት፣ ሕዝብ መሃል ሆኜ ላስተላልፍ ብሎ ሦስት ጊዜ ጠየቃት፤ ሦስቴም እምቢ አለችው።

«አንቺ ልጅ፣ ጣቢያውን ልትዘጊው ነው አይደል?»

«ማን አለ?»

«ታዲያ ለምንድን ነው የማታስወጪኝ?»

«ዕቃው አርጅቷል አልኩዎት እኮ! ስቱዲዮዎ ምን አጎደለብዎት? እዚሁ ይሥሩ።»

ሰበብ መቼ አጥታ! በመጋቢት መኪናዋን ወደ ኋላ ስትነዳ የእሱን ፒክአፕ አንቴና ሰበረችበት፤ አስጠግናለሁ እንዳለች ይኸው እስከ ዛሬ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ በዚያው ሳምንት ሚስቱ አርዲስ የወጥ ቤቱን ሬዲዮ ዕቃ ማጠቢያው ውስጥ ጣለችው።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ጣቢያው በተከፈተ ሰሞን እሱና አርዲስ የእሷን ቀይ የጥፍር ቀለም ይዘው በእርሻ ትርኢቱ ላይ ከመኪና መኪና ሲዞሩ ዋሉ። የሰዉን ሁሉ ሬዲዮ መርፌ እነሱ ጣቢያ ላይ እያቆሙ፣ በሬዲዮው መስታወት ላይ ቀይ ነጥብ አደረጉበት። ከዚያ ወዲህ መርፌውን ከነጥቡ ያነቃነቀ ሰው በከተማው እንደ ከዳተኛ ይታይ ነበር።

አሁንስ? የሚደውልለት በቀን አምስት ሰው ቢሆን ነው፤ እነሱም እንደ ተራ ጠባቂ አንድ በአንድ። ዛሬ መጀመሪያ የደወለው ገበሬው ሌሮይ ነው።

«እንደምን አደርክ፣ አንተ ሽማግሌ! እንደ ሁልጊዜው አንደኛ ነህ» አለና ዘጋው።

ስለ አርባኛው ዓመት አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ሰዉ እየሸሸን ነው፣ ያባረረችውም ሮንዳ ናት ሲል አሰበ ዱዌይን።

ሦስት ሰዓት ላይ ትዕግሥቱ አለቀ። ማይክራፎኑን ሳብ አደረገ።

«የዊሎ ፎርድ ሰዎች፣ ይህችን ጣቢያ በቁሟ ሊቀብሯት ነው። የምትወዷት ከሆነ አሁኑኑ ወደ በራችን ኑ!»

ከዚያ አሥራ ስምንት ደቂቃ የሚፈጀውን ሸክላ አስቀመጠ። በሙያው ያለ ሁሉ እንዲህ ያለ ሸክላ አያጣም፤ የሚጫወተው ሽንት ቤት መሄድ ወይም ሲጋራ ሲያምር ነው።

በስቱዲዮው መስታወት በኩል ሮንዳ ፊቷ ገርጥቶ አያት። ቢሮዋ ገብታ በሯን ዘጋችና ስልክ ላይ ተጣደች። አንዱን ሳትጨርስ ሌላውን ትደውላለች።

«ለአለቆቿ እያሳጣችኝ ነው። ታሳጣ!» አለ ለብቻው።

ግን ማንም ባይመጣስ? አርባ ዓመት ሙሉ ለማን ነው ሲለፈልፍ የኖረው?

ሸክላው ሊያልቅ አራት ደቂቃ ሲቀረው የመኪና ጥሩንባ ሰማ። እየሮጠ ወጣ። መንገዱ በፒክአፕ ተሞልቷል። ሴቶቹ ኬክ፣ ወንዶቹ ተጣጣፊ ወንበር ይዘዋል። ሌሮይ የእጁን ግራሶ እንኳ ሳይጠርግ ነው የመጣው።

«ሰማችሁኝ!» አለ ዱዌይን። እንባው መጣ።

«እንዴት አንሰማህ! አገር ምድሩን አናወጥከው እኮ» አለ ሌሮይ፣ ሮንዳን እያየ።

ዱዌይን ወደ እሷ ዞረ። «አየሽ?»

«አየሁ» አለች። ትንፋሽ አጥሯታል።

የሸክላውን መጨረሻ ከወዳጆቹ ጋር ሊሰማ ፈለገ። በሌሮይ አሮጌ መኪና መስኮት እጁን አስገብቶ ሬዲዮውን ከፈተ። መርፌው ቀዩ ነጥብ ላይ እንደ ቆመ ነው።

«ተው፣ እሱ ተበላሽቷል!» እያለ ሌሮይ ሮጠ።

«... ከመጋቢት ጀምሮ በዚህ ጣቢያ ስብከታችንን ለምትከታተሉ ሁሉ» አለ ዱዌይን የማያውቀው ድምፅ፣ «ጌታ ይባርካችሁ።»