ቤት ለእንቦሳ

ወጣቱ መሐንዲስ እስከ እሑድ የአጎቱን ቤት መልቀቅ ነበረበት። አዲስ አበባ ውስጥ ያንኳኳው በር ሁሉ ግን አልከፈትለት ብሏል። የዚህኛው ግቢ ባለቤት፣ ጠና ያሉት ሴትዮ፣ ገና ከደጅ ቁርጡን ነገሩት። "ወንደላጤ አላስገባም። ለቀበሌውስ ማን ነው ልበል?"

"ይሁን እማማ፣ አይቼው ብቻ ልሂድ።"

"ማየት አይከለከልም" አሉና የምትከራየውን የጓሮ ክፍል ከፍተው ቀድመውት ገቡ፤ መስኮቱንም ሊከፍቱ ጀርባቸውን ሰጡት። በሩ ዝቅ ያለ ነበር። ጎንበስ ብሎ ደፉን ሲሻገር አዲስ የተለቀለቀው ወለል ሸተተው። የቢቸናው የእናቱ ቤት፣ ጥጃው የሚታሰርባት ጨለም ያለች ጥግ፣ ከነሙቀቷ ፊቱ መጣች። ሳያስበው ባርኔጣውን አወለቀ።

"ቤት ለእንቦሳ" አለ፣ ከአፉ አምልጦት።

"እንቦሳ እሰር" አሉ ሴትዮዋ፣ ፊታቸውን እንኳ ሳያዞሩ።

ከዚያ እጃቸው መስኮቱ ላይ ቀረ። ቆይተው ዞር አሉና "የየት አገር ልጅ ነህ?" ሲሉ ጠየቁት።

"የቢቸና።"

"እኔ የሞጣ ነኝ። ይቺን ቃል ከሰማሁ ስንት ዘመኔ!" ጠባቧን ክፍል ከጥግ እስከ ጥግ አዩና ሳቁ። "እንኳን እንቦሳ፣ አንተንም መያዟን እንጃ።" ከዚያ ከመቀነታቸው ቋጠሮ ቁልፉን ፈቱ። "እንግዲህ ከመረቁ ወዲያ ማባረር የለም። ለቀበሌው የእህቴ ልጅ ነው እላለሁ።"

"እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እማማ።"

"አክስቴ በል እንጂ" አሉት ቁልፉን መዳፉ ላይ እያኖሩ። "ከአሁኑ ልመድ።"