ፈሪው ልብስ ሰፊና "ደህናዋ" ሚስቱ

"በቃ ሞትኩ! መጋረጃውን ክፈቱልኝ፣ የመጨረሻ ብርሃን ልይ!"

ዶክተሯ ገና ሸሚዙን እንኳን አላስወለቀችውም ነበር...

ሰውዬው ልብስ ሰፊ ነው። ቁመቱ እንደ ስልክ እንጨት!

በር ሲገባ ጎንበስ፣ ሲወጣ ጎንበስ ስለሚል ጎረቤት ሁሉ ሰላም ያለው እየመሰለው አጸፋውን ይመልስለታል።

በስሙ የሚጠራው የለም። "ጋሽ ሞትኩ" ነው የሚሉት።

መርፌ ሲወጋው፣ ሞትኩ። ሲያስነጥሰው፣ ሞትኩ። ሲያዛጋ እንኳን "ነፍሴ በአፌ ልትወጣ ስትል ነው የያዝኳት" ይላል።

አንድ ጊዜማ ስቅታ ይዞት ዘመድ ሰብስቦ መናዘዝ ጀመረ...

ኑዛዜው ሳያልቅ ስቅታው ለቀቀው!

ሚስቱ ደግሞ ክርኑ ጋ የምትደርስ ሚጢጢ ሴት ናት።

እሱ ቁጭ ብሎ ይሰፋል፤ እሷ የጨርቅ ጥቅል ተሸክማ የሱቁን ደረጃ ስትወጣና ስትወርድ ትውላለች። ቁና ቁና እየተነፈሰች...

"ዛሬስ ትንሽ ደከመኝ" ስትለው፣

"አንቺ ምን አለብሽ? አለት ነሽ! ታማሚው እኔ!" ይላታል።

እሷም ስቃ ጥቅሏን ታነሳለች።

ያን ቀን ደረቱን ወጋ አደረገውና እየደገፈችው ክሊኒክ መጡ። (እሱ በሷ ላይ ተደገፈ ስላችሁ... ግንብ በመጥረጊያ እንጨት ሲደገፍ አስቡት!)

"ልብዎን በአልትራሳውንድ እናየዋለን፤ እዚህ ይተኙ" አለችው ዶክተሯ።

ጋሽ ሞትኩ ማሽኑን አየው። ማሽኑም እሱን ያየው መሰለው።

"አልተኛም! ልቤን መጦ ቢያወጣውስ?"

"አያምም እኮ አባቴ፤ ቅባት ቀብቼ ከላይ ከላይ ነው የማስኬደው።"

"ቅባት ደግሞ! ልትጠብሺኝ ነው እንዴ ልጄ?"

ሚስቱ በሳቅና በሀፍረት መሀል ሆና ጫማዋን አወለቀች።

"ዶክተር፣ መጀመሪያ በኔ አሳዪው። እኔ ካልሞትኩ እሱም አይሞትም።"

ዶክተሯም እየሳቀች መሣሪያውን ደረቷ ላይ ማስኬድ ጀመረች...

ከዚያ ሳቋ ቆመ።

ለካች... ደግማ ለካች...

"እናቴ፣ ድካም ይሰማዎታል?"

"ደረጃ ስወጣ ትንሽ... ልማዴ ነው።"

"የደም ግፊትዎንስ ተለክተው ያውቃሉ?"

"የምን ግፊት? እኔን የሚገፋኝ ይሄ ሰውዬ ብቻ ነው!"

ግፊቷ ተለካ። ከፍ ብሏል።

ጋሽ ሞትኩም ሚስቱ በሕይወት መነሳቷን አይቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ተኛ። እሱም ተለካ።

ዶክተሯ ሁለቱን አስቀመጠቻቸው።

"ከልብ ወጥቶ ለሰውነት ሁሉ ደም የሚያደርስ ትልቅ የደም ቧንቧ አለ። አባቴ፣ የእርስዎ ጤነኛ ነው። የወጋዎት ጎንበስ ብለው ሲሰፉ የደከመ ጡንቻ ነው። የእሳቸው ግን... ሰፍቷል።"

ጋሽ ሞትኩ ቱግ አለ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሌላ ሰው ታመመበት!

"የኔ ስፋቱ ስንት ነው?"

ነገረችው።

"የሷስ?"

ያንኑ ቁጥር ደገመችለት።

"እንዴ! ቁጥሩ አንድ ሆኖ እኔ ጤነኛ እሷ በሽተኛ የምንባለው በየት አገር ዳኝነት ነው? ደግሞስ ቢሰፋ ምን ይከፋል? ልበ ሰፊ መሆን ምርቃት አይደል?"

ዶክተሯ ልትመልስ አፏን ስትከፍት ሚስቱ ብድግ አለች።

ወንበሩ ላይ የተሰቀለውን የባሏን ኮት አንስታ ለበሰችው።

ትከሻው ክርኗ ጋ ወረደ። እጅጌው እጇን ዋጠው። ጫፉ መሬት ሊጠርግ ምንም አልቀረው።

"አንተ ሰውዬ... ይሄ ኮት ልክህ ነው?"

"ልኬ ነው።"

"ለኔስ?"

ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲለካ የኖረው ሰው የተንጠለጠለውን እጅጌ በዓይኑ ለካ...

"ልክ እንደሱ ነው" አለች ዶክተሯ። "ቧንቧው ሲሰፋ ለወንድም ለሴትም አደጋ ነው። ግን ለእርስዎ ቁመት ልክ የሆነው ስፋት ለእሳቸው ትርፍ ነው።"

"ዝም ብንለውስ ኖሮ?" ድምፁ ሰለለ።

"እየሰፋ ሄዶ... አንድ ቀን ሊቀደድ ይችላል።"

ሊቀደድ!

የሰፈሩ ቀዳዳ ሁሉ እጁ ገብቶ የዳነለት ሰው ነው። ይሄን ግን በየትኛው ክር ይሰፋዋል?

የሚስቱን እጅ ከኮቱ እጅጌ ውስጥ ፈልጎ አወጣና አጥብቆ ያዘው።

"አይዞዎት፣ በጊዜ ደርሰንበታል" አለች ዶክተሯ። "ግፊታቸውን በመድኃኒት እናወርዳለን፤ ቧንቧውንም በየጊዜው እንለካዋለን። ሸክም ግን ከዛሬ ጀምሮ በቃ!"

እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ እንባውን ሲጠርግ ሚስቱ ወደ ዶክተሯ ጠጋ ብላ አንሾካሾከች።

"ልጄ... ለሱም አንድ ነገር እዘዢለት። በሽታ ካጣ ይታመምብኛል።"

ዶክተሯ ሳቋን ውጣ ወረቀት ላይ ጫር ጫር አደረገችና ሰጠችው። እንዲህ ይላል፦

"ሚስትዎን 'ደከመሽ ወይ?' ብለው ይጠይቁ። መልሳቸውን እስኪጨርሱ ሳያቋርጡ ያዳምጡ። ዕድሜ ልክ የሚወሰድ።"

ጋሽ ሞትኩ ደግሞ ሐኪም ያዘዘውን የሚያጓድል ሰው አይደለም!

አሁን ጥቅሉን እሱ ተሸክሞ፣ በየደረጃው እየቆመ ይጠይቃታል።

"ደከመሽ ወይ?"

"አዎ ደከመኝ!"

"ወይኔ! ምኑ ነው ያደከመሽ?"

"ጥያቄህ!"

ወገን፣ እሱ ፈሪ ባይሆን ኖሮ እሷ ያ አልጋ ላይ አትተኛም ነበር። "ደህና ናት" የተባለች ሴት ማን ይለካል?

ትምህርቱም ይኸው ነው፦ የሚጮኸውን ስናስታምም ዝም ያለውን አንርሳ። ሰውንም ሁሉ በአንድ ሜትር አንለካ።

እስቲ ንገሩኝ... እናንተ ቤት "እኔ ደህና ነኝ" እያለ ሸክሙን የሚያነሳው ማን ነው? ዛሬስ "ደከመህ ወይ? ደከመሽ ወይ?" ብላችሁ ጠየቃችሁ? መልሱ ምን እንደነበር ኮመንት ላይ ጻፉልን 👇