ስሞታ ያልቀረበበት ቨርዥን

ኢማድ የሱቅ ሶፍትዌር ይሠራል፤ ዕቃ የሚመዘግብ፣ የሚደምር፣ ደረሰኝ የሚያወጣ። እስካሁን የገዙት ሁለት ሱቆች ናቸው። አሁን ደግሞ እትዬ ወርቄ መሪ ሰፈር ሱፐርማርኬት ሊከፍቱ ነው። ለእሳቸው ከሠራ፣ ሌሎቹ ሱቆቻቸውም የእሱ ደንበኛ ይሆናሉ። ካልሠራ ላፕቶፑን ሸጦ የአጎቱን ሚኒባስ ሊነዳ ለሚስቱ ለዋርዳ ቃል ገብቷል።

የጨነቀው የትኛውን ቨርዥን እንደሚጭን ነበር። በሙያው ደንብ ከቨርዥኑ ሦስት ቁጥሮች የመጀመሪያዋ ትልቅ ለውጥ፣ መካከለኛዋ አዲስ ጭማሪ፣ የመጨረሻዋ ጥገና ናት።

ሲግናል ሰፈር፣ ሄለን ሱቅ ያለው 2.1.9 ነው። ሄለን ደግሞ አፍ አላት! ስልኳ ሲጠራ ኢማድን ባር ባር ይለዋል። መጀመሪያ ሒሳቡ ተሳሳተ ብላ ሰፈሩን አናወጠች፤ ቀጥሎ ደረሰኙ ዘገየ፤ ባለፈው ሳምንት ደግሞ ፊደሉ ደቀቀብኝ ብላ ነዘነዘችው።

«ዘጠኝ ጊዜ አስጠግኜዋለሁ፤ እሱን ጫንላቸው» አለችው።

«ዘጠኝ ጊዜ ተበላሽቷል በይኛ!»

ኮተቤ ሐጂ ይማም ሱቅ ያለው ግን 1.0.0 ነው። ከተጫነ ዓመት አልፎታል፤ ሐጂ አንድ ቀን ደውለው አያውቁም። ዝም አይነቅዝም ይሉ የለ!

ለማንኛውም በዓይኔ ልይ ብሎ ኮተቤ ሄደ። ሐጂ ይማም ከመቀመጫቸው ተነሥተው ተቀበሉት። ኮምፒውተሩ ባለ ጥልፍ ጨርቅ ለብሶ ጥግ ላይ ተቀምጧል። አንዲት ሴት ስኳር፣ ዘይት፣ ሳሙና አነሣች፤ ሐጂ ድምሩን በቃላቸው ነገሯት።

«ሐጂ፣ ሶፍትዌሩ እንዴት ነው?»

«አልሐምዱሊላህ! ልክ እንደተከልክልኝ ነው ያለው። አላህ ይባርክህ ልጄ።» ለስላሳ ከፈቱለት።

ኢማድ ልቡ ሞላ። ቤቱ ገብቶ 1.0.0ን ሁለት ዕቃ አስገብቶ ሞከረው፤ ሠራ። ሄለን ስትደውል ስልኩን አላነሣም።

የመክፈቻው ቀን እትዬ ወርቄ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርተው ካሸሯ አጠገብ ቆሙ። ስኳሩ ተመዘገበ። ዘይቱ ተመዘገበ። ሳሙናው ላይ ማሽኑ ቀጥ አለ። ኢማድ አጥፍቶ አበራው፤ ሳሙናው ላይ እንደገና ቀጥ። ሰልፉ ማጉረምረም ጀመረ።

«ምነው ልጄ፣ በሰው ፊት ልታዋርደኝ ነው?» አሉ እትዬ ወርቄ።

ላብ በላብ ሆኖ ኮተቤ ደወለ። «ሐጂ፣ ሦስተኛው ዕቃ ላይ ቆመብኝ! እርስዎ እንዲህ ሲልብዎ ምን ያደርጉታል?»



«እኔማ ልጄ፣ የተከልክልኝ ዕለት እዚያችው ሦስተኛዋ ላይ ሲቆምብኝ፣ ቅር እንዳይልህ ብዬ ጨርቅ አለበስኩት።»