ፊቱ የማይታወቅ ባለሙያ

ልብስ ሰፊዋ ክሱን የረታችው ከአራት ዓመት በፊት ነው። የልጇ አባት በየወሩ ቀለብ እንዲከፍል ተፈረደበት። እሱም "እሺ ጌታዬ" ብሎ፣ ለዳኛው እጅ ነስቶ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ውሃ በላው።

ፍርድ ቤቱ አፈጻጸም ክፍል ስትመላለስ ጫማዋ አለቀ። የክፍሉ ጸሐፊ ግን አንድም ቀን ተቆጥቷት አያውቅም።

"እህቴ፣ አድራሻውን ብቻ አምጪልን፤ የቀረውን ለእኛ ተይው።"

"አድራሻውን ባውቅማ እናንተ ጋ ምን አመጣኝ?"

"እሱም እውነት ነው" ይላል ጸሐፊው፣ ወደ ቀጣዩ ባለጉዳይ እየዞረ።

ዘንድሮ ነገሩ ባሰ። ልጅቷ ሰሌዳ ላይ የተጻፈው አልታይ አላት። እየተነሳች ሰሌዳው ሥር ሄዳ ታነባለች፣ የክፍል ጓደኞቿ ይስቁባታል። አስተማሪዋ መነጽር ካላደረገች ክፍል መድገሟ ነው ብላ ቁርጡን ተናገረች።  ልብስ ሰፊዋ በማግስቱ የሰፈሩ ደላላ ዘንድ ሄደች።

ደላላው ቤት ያከራያል፣ ሠራተኛ ያስቀጥራል፣ አሮጌ መኪና እንደ አዲስ ያሻሽጣል። የጠፋ ባል መፈለግ አዲሱ ቢሆንም አልችልም ማለት ልማዱ አይደለም። የሰውየውን ስም ተቀብሎ ሄደ፤ ብዙም ሳይቆይ እየሳቀ ተመለሰ።

"ተገላገልሽ እህቴ! እሱን ከእናቱ በላይ አውቀዋለሁ የሚል ባለሙያ አግኝቻለሁ። ደመወዙ በየወሩ ነው።"

"ማነው ሰውየው?"

"ፊቱ ከታወቀማ ሥራው አበቃ። እሱ አንቺን አያይሽም፣ አንቺም እሱን አታይውም። ክፍያው በእኔ በኩል ነው።"

ጥግ ላይ ልብስ የምትተኩሰው ታላቅ እህቷ ካውያውን አስቀመጠች። "በዚህ ገንዘብ መነጽሩን አትገዢላትም?"

"የአራት ዓመት ቀለብ በአንዴ ሲገባ እንኳን መነጽር የዓይን ሐኪሙን እገዛላታለሁ!"

እልኸኛ ናት። ደግሞ ፍርድ ቤት ረትቶ ባዶ እጁን የቀረ ሰው እልህ አይጣል ነው። ከፈለች።

የባለሙያው ወሬ በደላላው አፍ መምጣት ጀመረ። ተፈላጊው ቤት ቀይሯል። ውሻ ስለሚፈራ ውሻ ያለበት ግቢ አይከራይም። ሁለት ትራስ ካልደራረበ እንቅልፍ አይወስደውም። ልብስ ሰፊዋ አፏን ይዛ ቀረች፤ የትራሱን ነገር ከእሷ በቀር የሚያውቅ ያለ አይመስላትም ነበር።

"ለደላላው ራስሽ አውርተሽለት ይሆናል" አለች እህቷ። "የራስሽን ወሬ መልሶ ይሸጥልሻል። ባለሙያ የሚባል ፍጡር የለም። ገንዘቡን የሚበላው እሱው ነው።"

በቀጣዩ ወር ባለሙያው ጃኬት ጠየቀ። ተፈላጊው የሚያዘወትረው ካፌ ደህና ያልለበሰ ሰው ቢገባ ዓይን ይበዛበታል ተባለ። የጃኬቱንም ከፈለች። ልጅቷ አሁንም ሰሌዳው ሥር እየሄደች ታነባለች።

ከዚያ ደግሞ ሌላ ወሬ መጣ።

"ሰውየው ተጎሳቁሏል፣ ሳየው አንጀቴን ይበላዋል፣ ባትጨክኑበት ጥሩ ነው ይላል ባለሙያው።"

"የእሱን አንጀት ማን ጠየቀው? እኔ የጠየቅኩት አድራሻ ነው!" አለች ልብስ ሰፊዋ። "ቢያንስ ፎቶውን አንስቶ ያምጣ፤ አለበለዚያ አላምንም።"

በሳምንቱ ደላላው የታሸገ ፖስታ ጥሎላት ሄደ። ከደንበኛዋ በቀር ማንም እንዳይከፍተው ብሏል ባለሙያው፤ ደላላውም ቃሉን ጠብቆ አልከፈተውም። ስትከፍተው እውነትም የልጇ አባት ነው። ከቅርብ የተነሳ፣ ጥርት ያለ ፎቶ። ፀጉሩ ተበጥሯል፣ ጉንጩ ሞልቷል፣ አዲስ ጃኬት ለብሶ ፈገግ ብሎ ያያታል።

"ልጄ ዓይኗ አላይ ብሏት እሱ ጃኬት ያማርጣል!" አለችና አለቀሰች። ሲፈረድላት እንኳ እንዲህ አላለቀሰችም።

እህቷ ፎቶውን አገላብጣ አየችው።

"ተጎሳቁሏል አልነበር ያሉሽ? ደግሞስ ይህን ያህል ተጠግቶ ካነሳው ክንዱን ለምን አይዝልሽም? ደላላው ይህን ከሰውየው ዘመድ ቤት ለምኖ ያመጣው ነው። ተበልተሻል የኔ እህት።"

ልብስ ሰፊዋ ክፍያውን አቆመች። ሁለት ወር ሙሉ ደላላው ቢደውል ቢደውል ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። በመጨረሻ ስልኩን አነሳችና የሆዷን ዘረገፈችለት። ሌባ አለችው። የሕፃን ዓይን የሚበላ አለችው።

"እኔ?" አለ ደላላው። "እኔ ኮሚሽኔን እንጂ የሰው ደመወዝ በልቼ አላውቅም! ባለሙያው ራሱ ተቆጥቷል። ቅዳሜ ይዤው እመጣለሁ፤ እዚያው ተፋጠጡ!"

"ካለ አምጣዋ!"

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ፖሊስ የደንብ ልብሱን ሱሪ ሊያሳጥር መጣ። እህትማማቾቹ እየተቀባበሉ ጉዳዩን ነገሩት።

"ይህማ ጥርት ያለ ማታለል ነው" አለ ፖሊሱ። "ከመንገድ አንዱን ሥራ ፈት ጎትቶ ባለሙያ ነው ይልሻል። ቃሉን ይስጥ፣ እኔ እዚህ እሰማለሁ።" ሱሪውን እንደታጠቀ፣ መርፌ ቁልፉ ጫፉ ላይ እንደተሰካ፣ ከልብስ መለኪያው መጋረጃ ጀርባ ገብቶ ቆመ።

ልብስ ሰፊዋ ስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ የምትሰፋ መሰለች።  ይህ ደላላ ከታሰረ ገንዘቧን ታስመልሳለች፤ መነጽሩንም ዛሬውኑ ትገዛለች።

በሩ ተንኳኳ። ደላላው ደረቱን ነፍቶ ገባ።

"ሰው የለህም ስትሉኝ አልነበር?" አለና ለተከታዩ መንገድ ለቀቀ።

ተከታዩ ሰላምታም አላስቀደመ።

"የሁለት ወር ውዝፍ አለብሽ፤ እሱን ሳትከፍይ ፍለጋውን አልቀጥልም" አላት የልጇ አባት።